ባለ ሁለት ክሩ ገመድ

ይድረስ ለአማቴ፣ ባይወልዱኝም እናቴ ለምልዎ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ሲወጡ ግድግዳውን ይይዛሉ ወይስ አሁንም እልህ ይዞዎ በባዶ እጅዎ ነው የሚወጡት? ዓይንዎስ? ሐኪሙ የሰጠዎትን ጠብታ ጠዋትና ማታ ያደርጋሉ ወይስ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አቁመው እየተያያችሁ ትውላላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ከሥራ ብዛት ነው እንጂ አንዳንድ ሰው እንደሚያወራው ከሐሳብ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ልጅዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ለአንባቢውም ሰላምታዬ ይድረሰው። ስልክ ብደውል የሚያነሳው እሱ፣ ብጽፍ የሚያነበው እሱ። ደብዳቤ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ መሃል ገብቶ አያቋርጠኝም። ስለዚህ አንተ፣ እባክህን አንድ ቃል ሳትዘል፣ ጉሮሮህንም ሳትጠርግ አንብብላቸው። ብትዘል ጸጉር ሠሪዋ አለች። እሳቸውን ልትሠራ ስትመጣ በቃሏ ታደርስልኛለች፤ ሳላሽገው አንብቤላታለሁ።

እናቴ፣ የእርስዎን ስም ይዞ የመጣው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስምዎ ከላይም ከታችም አለበት፣ መሃሉ ላይ ግን ብፈልግ ባፈላልግ አጣሁዎ። እርስዎ ከመቼ ወዲህ ነው “ውሳኔሽን በአፋጣኝ እንድታሳውቂ” ማለት የጀመሩት? እኔ የማውቃቸው እናቴ ሲቆጡ፣ አንቺ ልጅ አሁንስ አበዛሽው፣ ብለው ወዲያው ሻይ የሚቀዱ ናቸው። ደብዳቤው የሹራብ ማሽኗ ከቆመች ሰነበተች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ እልህሽን ትተሽ ባልሽን ጥሪ ይላል። እሱም በደግነቱ ይመለሳል፤ ግን የወርክሾፑ ቁልፍ እሱ ኪስ ይገባል፣ ከእንግዲህም እሱን ሳላስፈቅድ አንድም ትእዛዝ አልቀበልም። መልሴን እነሆ እጽፋለሁ። ረዘም ስለሚል ትራስዎን ያስተካክሉ።

እንዴት እንደተለያየን ከእኔ አፍ ሰምተው አያውቁም። የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርት መጥታ፣ ለተማሪዎቿ በሙሉ ደረቱ ላይ ወፍ ያለበት ሹራብ ሥሩልኝ አለችኝ። ልጅዎ አልነበረም። እሺ አልኳት። እሺ የማልልበት ምን ምክንያት አለ? ክሩን የማውቀው እኔ፣ መርፌዎቹን የማጸዳው እኔ፣ ልኩን የምወስደው እኔ። ማታ ሲገባ ነገርኩት፤ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ማን ፈቀደልሽ አለኝ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄ ነው መሰለኝ ይበልጥ ያናደደው፣ ለማሽኗ የሹራቡን ቅርጽ የሚነግራትን ላፕቶፕ ቦርሳው ውስጥ ከተተና በር ላይ ቆሞ፣ እስቲ ያለ እኔ ስትሠሪ እናያለን አለ።

እኔም ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ ግን ያውቁኛል። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ማሽኗን በራሴ እጅ ካላስነሳሁ ቁልፉን ራሴ አምጥቼ መዳፍህ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ያኔ ጌታዬ እንደሆንክ ትኖራለህ፤ ካስነሳኋት ግን ቁልፉን ዳግም አትጠይቀኝም አልኩት። ይሁን አለ። አንገትጌ የምትሰፋልን ሠራተኛዬ፣ ያቺ ቀስ በቀስ የምንላት፣ ከነመቀሷ ቆማ ሰምታለች። ቃል ቃል ነው። የደብዳቤውም ጥድፊያ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀኑ እየቀረበ ስለነበር።

ላፕቶፑ ሲሄድ ማሽኗ ዲዳ ሆነች። ክር ትጎትታለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ግን ሜዳ ሹራብ እንጂ ወፍ አይወጣትም። ቢሮው ጥግ ያለው ዴስክቶፕ ደግሞ የእሷን ቋንቋ አያውቅም። እንደኔ ዓይነት አሮጌ የሹራብ ማሽን ያላቸው ሰዎች መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ ጽፈውት አገኘሁ። አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ግዢ፣ በማሽኗና በዴስክቶፑ መሃል አስተርጓሚ ትሆናለች ይላሉ። ገዛኋት። እናቴ፣ ቢያዩዋት ይስቃሉ። ኮምፒውተር የሚሏት አንዲት ሰሌዳ፣ አንዲት ቦርድ ናት፣ ቁመቷ ከመዳፌ ያንሳል፤ ልብስ የላት፣ ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት። አጥንቷ ሁሉ ይታያል። ሠራተኛዬ ቀስ በቀስ አይታት፣ ይቺ ያላለቀች ናት፣ መልሺያት አለች።

ስክሪን ስለሌላት የምትናገረው በሰው አፍ ነው። በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከዴስክቶፑ ጋር ትገናኛለች፤ በዚያው ገመድ ኤሌክትሪክ ትጠጣለች፣ በዚያው ገመድ ታወራለች። የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ብቻ ነው፣ ገመድ መሰካት። የሚጽፉት ሰዎች እንኳ አንድ መስመር ጽፈው አልፈውታል።

ገመድ አብሯት አልመጣም። ችግር የለም ብዬ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈትኩ። እርስዎ ቤታችን ሲመጡ ያዩት መሳቢያ ነው፣ የገመድ ጫካ። ልጅዎ የእሱን ወፍራም ጥቁር ገመድ፣ ነጭ ፕላስተር የጠቀለለበትን፣ ከላፕቶፑ ጋር ይዞ ሄዷል። የእኔ የሚባለው፣ እሱ የሰጠኝ ግራጫው ግን ነበር። ስልኬን ሁልጊዜ የምሞላበት። ጫፉን ቦርዷ ላይ ሰካሁ፣ ሌላውን ዴስክቶፑ ላይ። አረንጓዴ መብራቷ ቦግ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዴስክቶፑ ግን ጭጭ። አዲስ ነገር መጣ አይል፣ ተሰካ አይል። ነቅዬ ሰካሁ። ሌላ ቀዳዳ ሞከርኩ። ዴስክቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። እኔ መብራቷ በርቶ አያታለሁ፣ እሱ ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አያያትም። እንዲህ ያለ ነገር በሰውም አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ነው የልጅዎ ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጣው። እጅሽ ከማሽን ጋር አይስማማም። ስንት ጊዜ ብሎኛል! የእህቴን ሰርግ ፎቶዎች ከስልኬ ወደ ዴስክቶፑ ላዛውር ስሞክር ስልኩ ይሞላል እንጂ አንድ ፎቶ አያልፍም። እጠራዋለሁ። እየሳቀ ይመጣል፣ የእኔን ገመድ ይነቅላል፣ የራሱን ይሰካል፣ ፎቶው ይጎርፋል። አየሽ? ይለኛል፤ አንቺ ሹራብሽን ሥሪ፣ ይሄን ለእኔ ተይው። እኔም አመንኩት። አንዳንድ ሰው እጁ እርጥብ ነው፣ አንዳንዱ ደረቅ፣ የእኔም ዕድሌ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዴስክቶፑን ለማብራት እንኳ እሱን የምጠራበት ጊዜ ነበር። ሲያስቡት አይገርምም? በዚህ እጄ ስንቱን ሰው አልብሻለሁ።

ቦርዷ ተበላሽታለች ብዬ ላስመልሳት በሳጥኗ ከተትኳት። ገመዱን ስጠቀልል ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ፣ ክር በጣቴ መሃል ሳልለካው አያልፍም፤ እርስዎም ያውቁታል፣ ሥራችን አንድ ነው። ነጋዴ ባለ አራት ግምድ ነው ብሎ ባለ ሁለት ሲሸጥልኝ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ይሳሳል፣ ጣት ላይ ይንሸራተታል። ግራጫውም ገመድ ሳሳብኝ። ያንን የልጅዎን ጥቁሩን እኮ ስንት ጊዜ ጠቅልዬ መሳቢያ ከትቼዋለሁ፤ እሱ ይሞላል እጅን። የክር ናሙና ሲጠረጥሩ ምን ያደርጋሉ? ፈትተው ግምዱን ይቆጥራሉ። መቀሴን አነሳሁና የገመዱን ቆዳ መሃሉ ላይ በስሱ ሰነጠቅሁት።

ሁለት። ቀይና ጥቁር። ሌላ የለም።

ሄጄ አነበብኩ። አራት መሆን አለባቸው። ቀይና ጥቁሩ ኤሌክትሪኩን ያመላልሳሉ፣ አረንጓዴና ነጩ ወሬውን። የእኔ ገመድ ወሬ የሚያሳልፍ ክር ከመጀመሪያውም አልነበረውም። እየመገበ ዝም የሚል ገመድ ነው። ለስልክ መሙያ ብለው እንዲህ ሁለቱን ክር ቀንሰው የሚሠሩት ብዙ ነው አሉ። እጄ ከማሽን ጋር ተጣልቶ አያውቅም እናቴ! አንድም ቀን!

አለቀስኩ ብዬ ብጽፍልዎ ደስ የሚለው ሰው እዚያ አለ፤ ስለዚህ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። አሁን ለአንባቢው አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። ታውቅ ነበር? አላውቅም እንዳትል። የራስህን ገመድ በነጭ ፕላስተር ጠቅልለህ ለይተኸዋል። ምልክት የሚያደርግ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ለእኔ የሰጠኸኝን ሁለት ክር ይዤ አራት ክር የሚሠራውን ሥራ ስሞክር ቆመህ ስቀሃል። ማሽን መዘወር ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ይህን አልክድህም፤ ዘይት እንዴት እንደሚደረግ፣ መርፌ ሲሰበር እንዴት እንደሚወጣ። ያንን ሁሉ ያስተማረ ሰው ይቺን አንዷን ለምን ደበቀ? መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ። እናትህ ፊት ተቀምጠሃል፣ ለእሳቸው ንገራቸው።

እናቴ፣ የባለቤትዎን የአባባን ሬዲዮ ያስታውሳሉ? እሳቸው በሕይወት ሳሉ ማንም እንዳይነካው ብለው በዳንቴል ሸፍነው ከቁምሳጥኑ አናት ላይ የሚያስቀምጡትን? ሙያ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ይቃጠላል ይሉ ነበር። አባባ ካረፉ በኋላ ወንበር ላይ ቆመው አወረዱትና አንዷን ቁልፍ ሲያዞሯት ዜናው ቤቱን ሞላው። ለካ ይቺው ናት፣ አሉ። ሐዘን ላይ ነበርን፣ እርስዎ ግን እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩና ሳቅዎ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል።

ችግሩን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ ገመድ ማግኘት ሌላ። የእኛ ሰፈር ሱቅ ያለው የስልክ መሙያ ብቻ ነው። ባለሱቁ ሌላውን አዝዝልሻለሁ፣ ግን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ እንጂ አይደርስም አለኝ። የልብስ ሰፊውን ገመድ ለመንኩ፣ ሰካሁት፣ መብራቷ በራ፣ ዝም። የቀስ በቀስን ሞከርኩ፣ ዝም። ጎረቤት አዳረስኩ፤ ሁሉም ጫፉ ይገባል፣ ሁሉም ይመግባል፣ አንዱም አያወራ። ወሬ የማያልቅበት ሰፈር ውስጥ የሚያወራ ገመድ ጠፋ! አንድ ቀን ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና ኪሴ ከተትኩት። ላመጣለት። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ጫማዬንም አድርጌ ነበር። ከዚያ መንገድ ላይ ጸጉር ሠሪዋ ጋ ገባሁ፣ እንዲሁ ጸጉሬን እንኳ ተሠርቼ ልሸነፍ ብዬ፤ እዚያ ተቀምጬ ሆዴን ገልብጬ ነገርኳት። ምን ዓይነት ገመድ እንደጠፋኝ፣ ማን ይዞት እንደሄደ፣ ምን ምልክት እንዳለው ሁሉ። ቁልፉን ዛሬ አትውሰጂ፣ ጸጉርሽ ገና እርጥብ ነው አለችኝ። ተመለስኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልምጣ። በጸጉር ሠሪዋ እጅ የላኩልኝ የሱፍ ክር ልቃቂት ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ። አንባቢው እዚህ ላይ ቢሰለች አልፈርድበትም፤ ክር የሴት ነገር ነው ሲል የኖረ ሰው ነው፣ እንኳን ሊነካው ሊያየውም አይወድ። ልቃቂቱ ከበድ ብሎኝ ገረመኝ። በዚያ ዓይንዎ እንደዚያ አጥብቆ ማጠንጠን! ከላዩ ለስላሳ፣ ከመሃሉ ጠንካራ፣ ልክ እንደ ባለቤቱ። ያለ ልማዴ አላስቀመጥኩትም፣ ያንኑ ቀን እስከ መሃሉ ተረተርኩት። ለምፈልገው ሥራ ልክ ነበር። ከዚያ የበለጠ ልክ የሆነ ነገር በሕይወቴ ማንም ልኮልኝ አያውቅም።

ያን ቀን ማታ ቦርዷን እንደገና ሰካኋት፣ በሚያወራ ገመድ። ገመዱን ከየት አመጣሽው ብሎ አንባቢው እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ገዛሁት። ከየት ካለ፣ ከሱቅ። ሱቁ የለኝም ብሎሽ አልነበር ካለ፣ ሰው ሐሳቡን ይቀይር የለ፣ ባለሱቅም ሰው ነው። መብራቷ በራ። ከዚያ ዴስክቶፑ ድንግ አለ። አዲስ መሣሪያ ተገኝቷል ብሎ ጻፈ። ስሟን አወጣ፣ ቁጥሯን አወጣ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቀስ በቀስ አንገትጌ ጥላ ሮጣ መጣች፤ ስትሮጥ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቀረው ቀላል አልነበረም፣ ግን የእኔ ችግር ነበር፤ ማንም ያልደበቀብኝ ችግር። ወፉን በዴስክቶፑ ሣልኩት፣ ለቦርዷ ነገርኳት፣ እሷ ለማሽኗ ነገረቻት። መርፌዎቹ ተነሡ፣ ተኙ፣ ተነሡ። የመጀመሪያው ወፍ ወደ ኋላው የሚያይ ሆኖ ወጣ፤ ግራና ቀኙን አገላብጬው ኖሯል። ቀስ በቀስ፣ ይቺ ባሏን የምትጠብቅ ወፍ ናት አለች። ሥራ ቆመ በሳቅ። ሁለተኛው ፊት ለፊቱን አየ።

ሹራቦቹ በቀናቸው ደረሱ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ጠዋት ሥራ ፈት መስዬ በሩ ማዶ ቆምኩ። ልጆቹ ሲገቡ ደረታቸው ላይ ወፉ አለ፣ ሁሉም ወደ ፊት። አንዷ ገና ከአሁኑ እጅጌዋን ንፍጥ አስነክታዋለች። ርእሰ መምህርቷ አይታኝ እጇን አወዛወዘች። ኪሴ ውስጥ ቁልፉን ጨበጥኩት። እንደዚያ ቀጥ ብዬ ከቆምኩ ስንት ጊዜዬ ነበር።

እንግዲህ በስምዎ ለመጣው ደብዳቤ መልሴ ይህ ነው። ቁልፉ ከእኔ ኪስ አይወጣም። ትእዛዝ ስቀበልም ማንንም አላስፈቅድም። ለሻይ የሚመጣ ሰው ካለ ወንበር አለ፣ ተቀምጦ ጠጥቶ ይሄዳል። ለሥራ የሚመጣ ካለም መርፌ ማጽዳት የሚችል ሰው እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቀስ በቀስ ትፈትነዋለች፣ እሷ ደግሞ አትቸኩልም። ጌታ ሆኖ የሚመለስበት በር ግን የለም። በቁጣ ያልኩት ቃል በእኔ ላይ ቢሆን ኖሮ እፈጽመው ነበር፤ አሁን ለእኔ ስለሆነ እሱም ይፈጽመው።

ግራጫውን ባለ ሁለት ክር ገመድ በዚሁ ፖስታ ልኬለታለሁ። የእሱ ስጦታ ነው፣ አይቅርበት። የሰነጠቅሁት ቆዳውን ብቻ ስለሆነ ስልክ ይሞላል። ከሌላ ጋር እንዳይምታታበት በቀይ ክር አስሬ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ለእርስዎ ደግሞ ሱቁ ያዘዘልኝ ሁለተኛ ገመድ አሁን ስለደረሰና ማሽኗ ምንም ስለማይጎድላት፣ ክርዎን ለብቻ በጸጉር ሠሪዋ እጅ መልሼልዎታለሁ። ከማሽኗ የተረፈኝን ሰማያዊ ሱፍ ጨምሬበት እንደ እርስዎ አድርጌ አጠንጥኜዋለሁ፣ ከላዩ ለስላሳ፣ ከመሃሉ ጠንካራ። ዓይንዎ አያስፈልግም፣ እጅዎ ይበቃዎታል። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሰው ሲወጣ፣ ቁጭ ብለው እስከ መሃሉ ይተርትሩት። ሲጨርሱ ሁሉን ነገር በየነበረበት ይመልሱ፤ እናንተ ቤት አንድ ነገር ከቦርሳ ሲጠፋ እንዴት ቤት እንደሚገለበጥ አውቃለሁ።

ጉልበትዎን ያሙቁ፣ ጠብታዎን ያድርጉ። ዓይንዎ ሲበራ ይህንን ደብዳቤ እንደገና ራስዎ እንዲያነቡት ፈጣሪ ያብቃዎ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ እጅዎን አይንሳኝ። ወደ እኛ መምጣት ሲያምርዎ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሰው የለም፤ ዴስክቶፑን እንዴት እንደሚያበሩት አሳይዎታለሁ። አንዲት ቁልፍ ናት።

ምራትዎ ነኝ፣
የልጅዎ ሚስት ብሆንም ባልሆንም።